ካልሲውን ያነሳችው ልጅ

የመጀመሪያዋ ጡት ማስያዣዬ የግሌ አልነበረችም። የኔና የጓደኛዬ ነበረች፤ በፈረቃ ነበር የምንለብሳት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እኔ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እሷ። ቅዳሜና እሁድ በፌስታል ተጠቅልላ እሷ ቤት ፍራሽ ሥር ታርፋለች። ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ሁለታችንም ያደግነው እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኛ ቤት "ይማርሽ" ይባላል።

ያቺን ጡት ማስያዣ ያገኘናት አፍንጮ በር፣ መንገድ ዳር ከተዘረጋ የሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው። እኔ አቀርቅሬ ሹራብ የምመርጥ መሰልኩ። እሷ ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አነሳቻትና ሻጯን፣ "እትዬ፣ ይቺ ለሁለት ሰው ትበቃለች?" ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን፣ ከዚያ የሁለታችንንም ደረት አየች።

"ለአራትም ትበቃለች" አለች።

እውነቷን ነበር። ሁለታችንም ሜዳ ነበርን። ስለዚህ በካልሲ ሞላናት፤ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ።

አንድ ረቡዕ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ርዝመት ዝላይ ነበር። ክፍሉ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አሸዋውን ከቦ ቆሟል። ተንደርድሬ ዘለልኩ። ሳርፍ አንድ ነገር ከሸሚዜ ሥር ሾልኮ አሸዋው ላይ ዱብ አለ። ነጭ ካልሲ። ሁሉም አየው። ለአፍታ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ያ ዝምታ ሊፈነዳ የደረሰ ሳቅ መሆኑን አውቄያለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ "ካልሲ" ሆኖ እንደሚቀርም አውቄያለሁ።

ጓደኛዬ ከተሰለፈችበት ወጣች። ካልሲውን አነሳች፣ አሸዋውን አራገፈች፣ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችውና እንደ ገበያ ለፋፊ ጮኸች።

"ግራው ተገኝቷል! ቀኙን የያዘ ይምጣ!"

ቀኙ ያለው እኔ ጋ ነው። ያንንም ሁሉም ያውቃል። እሷ ካልሲውን እንደያዘች እኔን እኔን ታያለች፤ ዓይኗ "በይ እንጂ" ይላል። እንዴት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም፤ እጄን አወጣሁና፣ "እኔ ጋ ነው፤ ግን ሥራ ላይ ስለሆነ መምጣት አይችልም" አልኩ።

ክፍሉ ፈነዳ። የስፖርት አስተማሪያችን ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም ሙድ አልያዘብኝም። ሙዱን ቀድመን የያዝነው እኛ ነበርን።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩን የጀመርነው። እሷ ታወራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ ብዕር ስትይዝ ቀልዱ ይጠፋባታል፤ እኔ ደግሞ ከብዕር ውጪ ድፍረት የለኝም። በደብተሩ ውስጥ ስም የሌላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ በኛ ላይ የደረሰው ሁሉ እሷ ላይ ይደርሳል፣ ሊደርስብን የምንፈራውም ጭምር። ልጅቷ ሞዴስ ልትገዛ ሱቅ ትሄዳለች። ሱቁ በጎረምሳ ተሞልቷል። አፍራ ክብሪት ትገዛለች፤ ሰዉ አልወጣም፣ ሳሙና ትገዛለች፤ አሁንም አልወጣም፣ ሻማ ትገዛለች። ሁሉንም ታቅፋ ልትወጣ ስትል ባለሱቁ፣ ከአባቷ ጋር ሰላም የሚባባሉት ሽማግሌ ጉራጌ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በባንኮኒው ላይ ገፋ እያደረጉ፣ "ልጄ፣ የመጣሽበትን ረሳሽው" ይሏታል። ይሄ እኔ ላይ የደረሰ ነው። ሲደርስብኝ ማታውኑ ብሞት ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ለእሷ ስነግራት ግን ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን መሬት ተቀመጥን።

ደብተሩ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ በእረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ይሰበሰባሉ፣ ጓደኛዬ ድምፅ እየቀያየረች ታነባለች። ትልልቆቹ ልጆች ሳይቀሩ ይመጡ ነበር። ሲስቁ አያቸው ነበር፤ ሳቃቸው እፎይታ ነበረበት። እያንዳንዷ ለብቻዋ የተሸከመችው እፍረት የሁሉም መሆኑን ያን ሰዓት ነው የምታውቀው። "እግርሽን ግጠሚ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ እፈሪ" እየተባልን ያደግን ነን። እሷ ስታነብ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል የሚያፍር ሰው አልነበረም።

የያዙን ሥነ ሥርዓት የሚከታተሉት መምህርት ናቸው። ጓደኛዬ እያነበበች ሳለ ከኋላዋ መጥተው ደብተሩን ከእጇ ቀሙ። ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ተበተኑ። የቀረነው ሁለታችን ነበርን፤ እኔም የቀረሁት እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እንጂ ጀግና ሆኜ አይደለም።

"የማን ነው?" አሉ።

"የኔ ነው" አለች እሷ።

በማግስቱ አባቷ ተጠሩ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ጓዳ ውስጥ የሚሠሩ ወርቅ ሠሪ ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ የተቃጠሉ። እኔን ደግሞ "ጓደኛዋ ነሽ፣ ትመሰክሪያለሽ" ተብዬ ቢሮው ውስጥ አቆሙኝ። መምህርቷ ደብተሩን ገልጠው ለአባቷ ሰጧቸው።

"ጮክ ብለው ያንብቡት። ልጅዎ የምትጽፈውን ይስሙት።"

አባቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። "ልጅቷ መሳም ለመለማመድ የመስኮቱን ብረት ሳመችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። 'ይሄስ አይወደኝም' አለችና ወደሚቀጥለው ብረት ሄደች።"

ቆም አሉ። የከንፈራቸው ጠርዝ ሲንቀሳቀስ አየሁት። በሕይወቴ እርግጠኛ ከሆንኩባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ሰውየው ሊስቁ ነበር። አንድ ሰው ቀድሞ ፈገግ ቢል ኖሮ ይስቁ ነበር።

"ያስቃል እንዴ?" አሉ መምህርቷ።

የአባቷ ፊት እንደ በር ተዘጋ። መምህርቷ ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ? ስለዚህ ደብተር የምታውቂው አለ?"

ጓደኛዬ አየችኝ። ያን አስተያየት ብዙ ዓመት "አትናገሪ" ብላኝ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። አልነበረም። የስፖርት ሜዳው ላይ ካልሲውን ይዛ ያየችኝ ዓይን ነበር። ተራዬን ትጠብቅ ነበር።

"አላውቅም" አልኩ።

ደብተሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

አባቷ አልጮኹም፣ አልመቱም። ደብተሩን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በሳምንቱ እሷን ደብረ ብርሃን አክስቷ ጋ እንድትማር ላኳት። የምትሄድ ዕለት ጠዋት በራችን ላይ መጥታ ስሜን ጠራች። እናቴ ወጣ ብላ "የለችም" አለቻት። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እናቴ ተመልሳ፣ "ተመስገን ነው፤ እንዲህ ካለች ባለጌ ጋር ስትውዪ አንቺን ሳታበላሽሽ ሄደች" አለች።

"እሺ እማዬ" አልኩ። "ባለጌዋ እኔም ነኝ" ማለት አራት ቃል አይሞላም፤ አላልኩም።

አድጌ ለፊልም የምጽፍ ሆንኩ። በውጭ አገር የተሠሩ፣ ኮረዶች ዋና የሆኑባቸውን አስቂኝና አፈ-ክፉ ፊልሞች እቤቴ ተቀምጬ ብዙ አይቻለሁ፤ ለሥራ ነው እላለሁ። ለምን እንደሚያስቁ በወረቀት ለማስፈር ሞክሬያለሁ። ስድቡ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። መዋረዱ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም ሰረዝኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዳይሬክተር፣ "የሴት ልጆች ኮሜዲ ጻፊልኝ፣ ደፈር ያለ" አለኝ። የካልሲውን ታሪክ ጻፍኩለት። ጓደኛዬን ግን አላስገባኋትም። እሷን ካስገባሁ ቀጥሎ የሆነውንም መጻፍ ይኖርብኛል፤ ስለዚህ ልጅቷን ብቻዋን አዘለልኳት። ልምምድ ላይ ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይት ጽሑፉን አገላብጣ፣ "እዚህ ጋ ካልሲውን የሚያነሳላት የለም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የለም" አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ካድኳት።

ዳይሬክተሩ ባዶውን ቦታ በወንዶች ሳቅ ሞላው። ካሜራው የልጅቷ ደረት ላይ ይቆያል፣ እሷ እያለቀሰች ትሮጣለች። ለዚህም ምንም አላልኩም።

ፊልሙ ፒያሳ በአንዱ ሲኒማ ቤት ሲታይ እሁድ ከሰዓት ገብቼ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ሦስት ኮረዶች ነበሩ፤ ፈንዲሻ ይዘው፣ ገና ሳይጀመር የሚንሾካሾኩና የሚሳሳቁ። ካልሲው ሲወድቅ ከኋላ ያሉት ወንዶች በሳቅ አዳራሹን አናወጡት። ሦስቱ ልጆች ግን ጸጥ አሉ። የመሀሏ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ሳበችው።

ተነስቼ ወጣሁ። በምኒልክ አደባባይ በኩል፣ በጊዮርጊስ አጥር ሥር፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ተራመድኩ። በወረቀት ላይ ሳጣው የኖርኩትን ያን ቀን አገኘሁት። መውደቁማ ማንንም አያስቅም። የሚያስቀው አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ አጠገቧ መሆኗ ነው፤ ልትሸሽግላት ሳይሆን ከፍ አድርጋ ልትይዘውና "ተራሽ ነው" ልትላት። ያቺ ከሌለች የሚቀረው የምትዋረድ ልጅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያቺን ልጅ ሁለት ጊዜ ነው ያጠፋኋት፤ አንዴ ከቢሮው፣ አንዴ ከታሪኩ።

ሰፈራችን ያን ጊዜ ፈርሶ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። አባቷ ግን አሁንም በአውቶቡስ እየተመላለሱ ፒያሳ እንደሚሠሩ ሰምቼ ወርቅ ቤቱ ጓዳ ድረስ ሄድኩ። ጎብጠዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ወንበር ሳቡልኝ።

"አባባ፣ ያ ደብተር... የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

በእጃቸው የያዙትን ቀለበት አስቀመጡ። "የልጄን እጅ ጽሑፍ የማላውቅ መስሎሽ ነው?"

ደነገጥኩ። "ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እሷ 'የኔ ነው' አለች። የልጄን ቃል ሰው ፊት ላፈርስ ነው? አንቺ ትናገሪ እንደሆን ጠበቅሁ።" ቀለበቱን መልሰው አነሱና፣ "እኔም ብሆን ዘግይቻለሁ። ያን ቀን ብስቅ ኖሮ ልጄ እዚሁ ታድግ ነበር" አሉኝ።

ስልኳን ሰጡኝ። ደብረ ብርሃን አዋላጅ ነርስ ናት። "የምታዋልዳቸው ሴቶች ምጥ ላይ ሆነው ይስቃሉ አሉ" አሉኝ፤ ይሄን ሲሉ ኮራ ብለው ነው።

አባቷን ልትጠይቅ የመጣች ጊዜ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። ወፍራለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ዓይኗ ያው ነው። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተንተባትቤ ነገርኳት። ማኪያቶዋን እያማሰለች ሰማችኝ።

"ብናገር ኖሮ ሁለታችንም ነበር የምንቀጣው" አልኩ፤ ይቅርታ እየጠየቅሁ እንኳ ራሴን መከላከል አልተውኩም።

"አዎ" አለች። "ግን አብረን ነበር የምንሆነው። እኔን የከበደኝ መሄዱ አይደለም። መኪናው ውስጥ ልትወስደኝ የመጣችው አክስቴ ስታለቅስ አይቼ አንድ ነገር መጣልኝ፤ በጣም የሚያስቅ። ዞር ስል የምነግረው ሰው የለም።"

"ምን ነበር?"

"ረሳሁት።"

ፊልሙን አይታው እንደሆነ ጠየቅኳት። ከልጇ ጋር ጀምረውት ልጇ "እማ፣ ቀይሪው" እንዳለቻት ነገረችኝ። ቂም እንደሌላት፣ ከብዙ ጊዜ በፊት እንደተወችው፣ አንዳንዴም ወራት ሙሉ ትዝ ሳልላት እንደሚያልፍ ነገረችኝ። ይህን ያለችው ልታቆስለኝ አልነበረም። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ቀልዷን እጠብቃለሁ፤ አንድ ነገር ትላለች፣ እኔም መልስ እሰጣለሁ ብዬ። ሂሳብ ስጠይቅ፣ ስንሰነባበት፣ ታክሲ ውስጥ ስትገባ፣ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስማኝ ሄደች።

አሁን በዓል ሲመጣ እደውላለሁ፤ ሁልጊዜም ታነሳለች። ልጆች ደህና፣ ሥራ ደህና፣ ዝናቡ መጣ፣ አልመጣም እንባባላለን። ባለፈው ፋሲካ እያወራን ሳለ ልጇ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ መለሰችላት፤ ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች፣ እሷም አብራት ሳቀች፣ ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳቅ። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ።

ተመለሰችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እሺ፣ ሌላስ?" አለችኝ።