ትንሿ የብር በር

ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የእናቴን የክረምት ልብሶች ከሻንጣ ሳወጣ የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታኝ። ለሌላው ሰው ናፍታሊን የብል መከላከያ ነው፣ ለእኔ ግን የፍርሃት ሽታ ነው። ትልቅ ሴት ነኝ፣ ልጆች ወልጄያለሁ፣ መኪና እየነዳሁ ሥራ እሄዳለሁ፤ ያ ሽታ ሲመጣ ግን ስምንት ዓመቴ ይሆንና አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ጸጥ ያለ ሳሎን፣ ሰማያዊ ምንጣፍና ምንጣፉ ላይ ድምፅዋ ጠፍቶ የቆመች እናቴ ይታዩኛል።

ያኔ ዲቪ ደርሶን ከመጣን ብዙም አልቆየንም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ የአውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፣ እናቴ አስቴር ደግሞ ከወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ ሚስ ዶረቲ የሚባሉ አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ቤታችን ውስጥ የማይነሳ አንድ ቃል ነበር፣ እሱም እስር ነው። አባቴ አገር ቤት ሳለ ታስሮ እንደነበር ያወቅሁት እናቴ ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ በስልክ ስታንሾካሹክ ሰምቼ ነው፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፣ በር ሲንኳኳ ብቻ ሹካውን አስቀምጦ በሩን ያይ ነበር። እናቴም በበኩሏ ዜግነት እስክናገኝ ድረስ «ስማችን እንዳይበላሽ» እያለች፣ መንገዱ ጭር ብሎ መኪና የሚባል ባይኖር እንኳ የእግረኛው መብራት ካልበራ አታሻግረኝም ነበር። እንዲህ ባሉ ሁለት ሰዎች መካከል ያደገ ልጅ ደፋር ሊሆን አይችልም፣ እኔም አልሆንኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ እናቴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ከቀዩ ባቡር ወርደን ቢጫውን ተሳፍረን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ከጣቢያው በእግር ወርደን ስንደርስ ሚስ ዶረቲ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር መርሳት የጀመሩ ሴት ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ የናፍታሊን ሽታ የሚወጣበት ሰፊ መሳቢያ ነበር፤ በዚያ የመጀመሪያ የቅጠል መርገፊያ ወቅት አንድ ቀን ከፍተው፣ «የእናቴ ነበሩ» እያሉ፣ ክብ የቆርቆሮ ባጆች፣ የተጣጠፉ ወይን ጠጅና ነጭ ጥብጣቦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከትከሻ እስከ ወገብ በሰያፍ የሚለበስ ቢጫ መቀነት አወጡልን። መቀነቱ ላይ በጥቁር ትልልቅ ፊደል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረበት።

«ምን ይላል ሳሮኔ?» አለችኝ እናቴ።

እሁድ እሁድ አባቴ በሚያዳምጠው የአማርኛ ሬዲዮ ስለ ምርጫ ሲወራ «ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ» ሲሉ ሰምቼ፣ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄው «ቮት ማድረግ ነው» ብሎኝ ነበርና፣ ኮራ ብዬ፣ «ድምፅ ለሴቶች ይላል» አልኳት።

እናቴ ፊቷ በራ። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ የወፍራም ድምፅ መስመር የምትዘምረው እሷ ነበረች፣ ስለዚህ ነገሩ ባንድ አፍታ ተገለጠላት። «የመዘምራን መቀነት ነዋ! ለሴቶቹ ድምፅ ለብቻ መቀነት አላቸው ማለት ነው» አለች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሚስ ዶረቲ የዘማሪ ልጅ ሆነው ቀሩ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አሮጊቷ ያለ ምክንያት ይፈሩና እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ እናቴ ጸጉራቸውን እያበጠረች በአማርኛ ትዘምርላቸው ጀመር፣ እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይገባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ይሉ ነበር።

ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ሚስ ዶረቲ ከመሳቢያው ጥግ አንዲት የደረት ፒን አውጥተው ለእናቴ ዘረጉላት። ፍርግርግ ያላት ትንሽ የብር በር ነበረች፣ በላይዋ ላይ ቀጭን ሰንሰለት ተጋድሞ ልብ የምትመስል ቁልፍ ይዞ ነበር። እናቴ እንደ ወጉ አይሆንም፣ አይገባም፣ ኧረ በፍጹም ብላ ብላ በመጨረሻ በሁለት እጇ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። የመንግሥተ ሰማያት በር ናት ብላ በጥቁር ሰማያዊ ኮቷ ኮሌታ ላይ አድርጋት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ፣ የመዘምራኑ ሴቶች ከበው እያገላበጡ አዩላት።

በሚቀጥለው ጊዜ እናቴ ማጀት ውስጥ ሾርባ ስታሞቅ ሚስ ዶረቲ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። እናታቸው ከጓደኞቿ ጋር ዋይት ሀውስ በር ላይ ባነር ይዛ ስለቆመች ፖሊስ ይዟት ነበር። «ይህችን ፒን የሚያደርጓት የታሰሩት ብቻ ናቸው» አሉኝ። የሚያደርጓት የታሰሩት ብቻ ከሆኑ፣ ያደረገቻት ሁሉ መታሰሯ አይቀርም ማለት መሰለኝ። ማጀት ሮጬ ለእናቴ ብነግራት ማንኪያውን ሳታስቀምጥ ሳቀችብኝ፤ «እንግሊዝኛው አምልጦሽ ነው። እንዲህ ያሉ ጨዋ ሰው ቤት የምን እስር ቤት አመጣሽ?» አለችኝና ሾርባዋን ማማሰል ቀጠለች።

ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ፈራሁ። ኮቷ ከበራችን ጀርባ ተሰቅሎ ስለሚውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያችን ፍርግርግ ነበር። ሰንሰለቷ የተፈታች የመሰለኝ እንደሆነ እመለስና አያታለሁ፤ አንዳንዴም እናቴ ከሥራ ከዘገየች፣ በሯ ተከፍታ እሷን አስገብታ የተዘጋች ይመስለኝ ነበር። ለአባቴ እንዳልነግረው ደግሞ ያ ቃል ቤታችን ውስጥ አይነሳም።

ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ የፈራሁት ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ተመልሰን እናቴ የእሁድ ልብሷን ስትተኩስ ስልኩ ጮኸ፣ እንግሊዝኛ የሚመጣበትን ስልክ የማነሳው እኔ ነበርኩና አነሳሁት። የሚስ ዶረቲ የወንድም ልጅ ሚስተር ፖል ነበር። አክስቱን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባቸው ዕቃቸውን እያስተካከለ እንደሆነ፣ አንዲት ትንሽ የብር በር እንደጠፋችበት በትሕትና ነገረኝና እናቴ አይታት እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ።

«ፒኗ ሚሲንግ ናት እያለ ነው» አልኳት።

«እኔ ጋ ናት በይው» አለች እናቴ፣ ካውያውን አቁማ።

ነገርኩት። «ገባኝ» አለና ነገ ከሰዓት በኋላ ይዛት ትመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደዚያ የሚያስፈራ ትሕትና ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ቁጭ አለ። «ወድቃ አገኘኋት ብለሽ መልሺለት» አላት። «ሰውየው ፖሊስ ኮል ቢያደርግ ማን ያምነናል? ሲቲዝንሺፑስ?»

«ሰርቄ ይመስል? ሰጥተውኛል፣ እሱኑ እናገራለሁ።»

«በምን እንግሊዝኛ?»

«ሳሮን ትናገርልኛለች» አለች እናቴ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሦስታችንም ሄድን። ባቡሩ ውስጥ እናቴ ያጠናቻትን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደጋግም ነበር። እኔ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሁሉ እኛን ፍለጋ የመጣ እየመሰለኝ፣ የባቡሩን ሾፌር ባርኔጣ እንኳ አይቼ ደነገጥኩ። ሚስተር ፖል በሩን ከፍቶ አስገባን፣ ውኃም አቀረበልን፣ ማንም አልጠጣም። መሳቢያው እንደተከፈተ ስለነበር ክፍሉን የናፍታሊን ሽታ ሞልቶታል። ፒኗን ተቀብሎ ለሚስ ዶረቲ ሰጣቸውና፣ ለአስቴር ሰጥተዋት እንደሆነ ጠየቃቸው።

አገላበጧት። እናቴን አዩዋት። «አላስታውስም» አሉ።

እናቴ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። በባቡሩ ጉዞ ሙሉ ያጠናችው ዐረፍተ ነገር ጠፋባት። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ልናገርላት ብዬ ለቅሶ ቀደመኝ። በቃ፣ እናቴን ሊወስዷት ነው አልኩ በልቤ።

ሚስ ዶረቲ ለቅሶዬን ሰምተው ይሁን ሰንሰለቷን ነክተው፣ ድንገት ፊታቸው ተለዋወጠ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ማነው የሚታሰረው?» አሉ።

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

«ማነው የሚታሰረው አሉ» አልኩ፣ ቃሉን በአማርኛ፣ አባቴ ፊት።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። እናቴ ግን ሚስተር ፖልንም ፒኗንም ረስታ አሮጊቷ እግር ሥር ተንበርክካ ሁለት እጃቸውን ያዘችና፣ እንደ ወትሮው፣ በሻከረ ጉሮሮ መዘመር ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ዜማው ተሰባበረባት፣ ኋላ ግን ያ ወፍራም ድምፅዋ ተመለሰ። ሚስ ዶረቲ እያዳመጡ ቀስ በቀስ ተረጋጉ፤ ከዚያም የእናቴን ኮሌታ ሳብ አድርገው፣ አንዴ ስተው እንደገና ሞክረው፣ ፒኗን እዚያው የቀድሞ ቦታዋ ላይ ሰኩላትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሚስተር ፖል ሲያይ ቆየ። «አክስቴ እኔን እንኳ አያስነኩኝም ነበር» አለና ይቅርታ ጠየቀን፣ ከዚያ የፒኗን ታሪክ ከመጀመሪያው ለአባቴ ሊያስረዳው ጀመረ። ሴቶች እንዲመርጡ ስለጠየቁ ለታሰሩ ሴቶች፣ ሲፈቱ የተሰጠች ናት። እንባዬን እየጠረግሁ ተረጎምኩለት፤ እናቴም ድምፅ የተባለው የመዘምራን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት።

«ታስረው ለወጡት?» አለኝ አባቴ። «በደንብ ጠይቂው። ሰው እያያቸው፣ ደረታቸው ላይ ያደርጉታል?»

«አዎ አባዬ፣ ይኮሩበት ነበር ነው የሚለው።»

አባቴ ፒኗን ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አያት። እናቴም ከኮሌታዋ ነቀለቻትና ሚስተር ፖል መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «የሳቸው ቤተሰብ ናት፣ እዚሁ ትቅር በይው። እኔ አልታሰርኩም» አለችኝ፣ ቀጥላም በአገጯ ወደ አባቴ እያመለከተች፣ «ከኛ ቤት የምትገባውስ ለሱ ነበር።» ይህንን ግን አልተረጎምኩትም። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በጋው ሲገባ ሚስ ዶረቲ ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ ሄዱ፣ እናቴም ሌላ ሥራ ያዘች። ያን በጋ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አባቴ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ የታሰርኩ ጊዜ» ብሎ ጀመረና የእስር ቤቱን ግቢ፣ አብረውት የነበሩትን ሰዎች፣ አንዱ እንዴት ያስቃቸው እንደነበር ሳይቀር አወራን። ፈራሁ፣ ግን እንደበፊቱ ብቻዬን አልነበረም።

ያ ኮት ነው ባለፈው ዓመት ከሻንጣው የወጣው። ኮሌታው ላይ ሁለቱ የመርፌ ቀዳዳዎች አሁንም አሉ። እናቴ እሱኑ ለብሳ ለምርጫ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይዣት ሄድኩ፤ ፓስፖርቷን፣ የዜግነት ወረቀቷን፣ የመብራት ቢሏን ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መጥታለች፣ የጠየቃት ግን አልነበረም። ዛሬም ከማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት ስልኩን ለእኔ ታቀብለኛለች፣ ዛሬም መኪና በሌለበት መንገድ መብራት ትጠብቃለች፣ እኔም ልጆቼን እንደዚያው ነው የማሻግረው፤ ፍርሃቱ ከኛ ጋር አርጅቷል እንጂ አልሄደም። የምርጫ ወረቀቷን ግን ለብቻዋ ሞላች፣ ማንም አልተረጎመላትም። የድምፅ መቁጠሪያው ማሽን ውስጥ ከተተችው፣ ማሽኑም ሳብ አድርጎ ዋጠው፣ እሷ ግን ከዚያ ንቅንቅ አልል አለች።

«ሳሮኔ፣ ድምፄ ገባ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ገብቷል እማዬ» አልኳት፣ የተሰጣትንም «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ተቀብዬ ቀዳዳዎቹ ላይ ለጠፍኩላት።