ደጉ የደበቀው በሽታ

ባሌ ደጉ ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ ጆንያ ሰፊ ነው። ስኳር ከያዘው ወዲህ ጠዋት ጠዋት መርፌ ይወጋል። ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ይወርድና ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ይህን የምናውቅ እኔና ሐኪሙ ብቻ ነበርን። «በሽተኛ መሆኔን ከሰሙ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ትንፍሽ እንዳትዪ!» ብሎኛል። ኩራቱ ይንደድ!

የዚያን ቀን ጠዋት ገና መርፌውን እንደተወጋ ሰሊጥ የጫነ መኪና ገባ ብለው ጠሩት፤ ቁርሱን ጥሎ ሮጠ። አሁን ይመለሳል ስል ረፈደ። ፉሉን በሳህን ይዤ ገበያ ብሄድ ደጉ የለም፤ ጆንያው በግማሽ ተሰፍቶ ወድቋል።

የማደርገው ቢጠፋኝ አንዱን የሱዳን ፖሊስ፣ ቡሊስ የሚሉትን፣ ባሌን ፈልግልኝ ብዬ ለመንኩት። አብረን እየዞርን ስንጠይቅ፣ የአገሬ ልጆች ሁሉ ቡሊሱን ሰረቅ አድርገው እያዩ «አላየነውም» ይላሉ። አብሮ አደጉ ባንታምላክ እንኳ ዓይኑን ሰብሮ «ሀዋታ ከተማ ሳይሄድ አልቀረም» አለኝ። በምን አቅሙ ነው ሀዋታ የሚሄደው!

ያኔ ገባኝ። ሲንገዳገድ አይተው አረቂ የጠጣ መስሏቸዋል! ሰክሮ የተያዘ ሰው እዚህ አገር ይገረፋል። እኛ ደግሞ የሰከረ ወንድማችንን ቡሊስ ሳያየው አስገብተን፣ ተኝቶ ይብረድለት ብለን እንቆልፍበታለን። ወይኔ ጉዴ! ደጉ የሆነ ቦታ ተቆልፎበት እየሞተብኝ ነው።

«አልሰከረም!» ብዬ ጮህኩ፣ እዚያው ገበያው መሃል። «ስኳር በሽተኛ ነው! ካልቀመሰ ይሞታል! የቆለፋችሁበት ክፈቱ!»

ባንታምላክ ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ ወደ ሰሊጥ መጋዘኑ በረረ።

ደጉ ጆንያ ላይ ተዘርሯል፤ ገላው በላብ ርሷል፣ ዓይኑ ፈጧል። ከሻይ ሻጯ ስኳር ነጥቄ በጣቴ ድዱን አሸሁት። «ደጉዬ፣ ኧረ በወለደችህ!» እላለሁ። ብዙ ቆይቶ ዋጠ። ከዚያ ዓይኑ ተንከራተተ።

ባንታምላክ እያለቀሰ «ከጅራፍ ላድንህ ብዬ እኮ ነው! ምነው ብትነግረኝ?» አለው።

ደጉ በሩን የሞላውን ሰው አየና ወደ እኔ ዞረ። «አወራሽብኝ?»

«አዎ አወራሁብህ» አልኩት። «ለቀብርህ ከምጠራቸው ብዬ።»