የመለስኩት ጉርሻ

«ታድለሽ! እንዲህ ያለች ጾመኛ ልጅ!» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ፍልሰታን ጾመች፣ ጽጌን ጨመረች፣ የገናን ቀጠለች፣ በሁዳዴ እስከ ማታ ውሃ ሳትቀምስ ዋለች። ልጄ በቁሟ ስታልቅ ሰፈሩ ሁሉ ያወድሳት ነበር።

ያጋለጣት ፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፤ የምትደበቅበት ጾም አጣች። ያኔም አልበላም አለች። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። እየጠቀለልኩ አፏ ላይ ደቀንኩ፣ ጮህኩ፣ «በሞቴ!» አልኳት። ጎርሳ ጓሮ ሄዳ ስትተፋው አገኘኋት። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ ባጃጅ ስትሳፈር ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ልቧ መድከሙን፣ በዚሁ ከቀጠለች ልናጣት እንደምንችል ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ከዚያ ለልጄ ትሰጣለች ያልኩትን ትእዛዝ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ሁሉንም ባንዴ አይደለም። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ይተዉ፤ ማጉረስ።»

ተናደድኩ። በሽተኛዋ እኔ ነኝ እንዴ? ልጇ የማትበላ እናት እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ? ግን ልቧ ደክሟል ስላለችኝ ተውኩ። እሱን ስለምድ፣ ስለ ሰውነቷ ማውራቱንም ይተዉ አለችኝ፤ ክሳትም ውፍረትም አይነሳ። ቀጥሎ ደግሞ አብሬያት ተቀምጬ የራሴን እየበላሁ ስለ ሌላ ነገር እንዳወራ ነገረችኝ። ምን ላውራ? የጊደር መጋላ ገበያ ነጋዴ በርበሬው ውስጥ ምን እንደሚቀላቅል እየተሳደብኩ አወራሁ። ልጄ ሳቅ አለች። እየቆየች ትንሽ ትንሽ መቁረስ ጀመረች።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በኩል ያሉ የድሮ ጎረቤታችን ከች አሉ። ገና ሳይቀመጡ፣

«እሰይ! ወፈር ወፈር አልሽ እኮ!» አሏት።

የልጄ እጅ ቆመ። የደከምኩበት ሁሉ በአንድ ቃል ሲናድ አየሁ። እሳቸው ግን የልጅ ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በሞቴ! ካልጎረስሽልኝ እቀየምሻለሁ!»

እጃቸውን አፈፍ አደረግሁት። «እትዬ፣ ይመልሱት።»

«ጉርሻ ይመለሳል? ምን ጉድ ነው!»

«በእኔ ቤት ይመለሳል።»

ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣሉት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ያሳደጉኝ ያህል የማከብራቸው ሴት ናቸው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። «አሁንስ ብዪ! ለአንቺ ብዬ ሰው አስቀየምኩ!» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። በእንጀራ አፈንኩት፤ የራሴን በላሁ።

«እማዬ፣ ተቀየሙ እኮ» አለች ልጄ።

«ይቀየሙ!»

ልጄ ትሪውን ስታይ ቆየች፣ የጉርሻውን ፍርፋሪ ወደ ዳር ገፋችው፣ ከሹሮው በጣቷ ቀመስ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች።

«ቀዝቅዟል» አለች። «ላሙቀው?»

ልጄ ለምግብ ጣዕም ከተጨነቀች ስንት ጊዜዋ! እልል ልል ነበር። «እንደ ፈለግሽ» አልኳትና ፊቴን እንዳታይ ወደ በሩ ዞሬ የበርበሬ ነጋዴውን መሳደብ ጀመርኩ።