«ብርድ ነው»

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ስለ ወገብዎ ለጠየቀዎት ሁሉ መልስዎ «ብርድ ነው» ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ሁላችንም ተቀምጠን እርስዎ ብቻ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሊቀመንበሩ «ምን ይገትርሃል? አድማ ነው?» ብሎ ጮኸብዎት።

«ብርድ ነው ጓድ፤ መቀመጥ አቃተኝ» አሉት።

በኋላ ሐኪሙ ከዳሌዎ አጥንት መቅኔ ወስዶ አስመረመረ። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «የመቅኔ ካንሰር ነው» አለኝ። ይኼ ለራሱ ለበሽተኛው እንዴት ይነገራል?

ስወጣ «ምን አለ ልጄ?» አሉኝ።

«ብርድ ነው አለ፣ ጋሼ።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩት። «ብዬ አልነበር!» አሉና፣ እንባዬን እንድጠርግ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ።

ዛሬ ሳለቅስ ፊቱን የሚያዞርልኝ አጣሁ።