ልጄን ከጂን ብርጭቆ ልመልስ ማርቆስ ሄጄ

ደጀን፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

የዓባይ ሸለቆ ጉም ገና ከገደሉ አፋፍ ላይ አልለቀቀም። ከባድ መኪኖች ሞተራቸውን ያሞቃሉ። የሚኒባሱ ረዳት «ማርቆስ! ማርቆስ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ገብቼ ሳይ የተቀመጥነው ሦስት ነን። ውሸት እንዲህ በጠዋት ይጀምራል።

የምሄደው ልጄን ይበልጣልን ልመልስ ነው። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት ጠጅ እየጣልሁ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ማርና ጌሾ እያበላሸሁ ራሴን አስተማርሁ። ይበልጣል ግን ማርቆስ ውስጥ አንድ ሆቴል ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የፈረንጅ መጠጥ ይቀላቅላል። ያስተማሩት ጋሽ ታምራት የሚባሉ፣ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ያረጁ ሰው ናቸው። በደወለ ቁጥር «ጋሼ እንዳሉት» ይለኛል። «አባባ እርስዎ እንዳሉት» ሲል ግን አንድ ቀን አልሰማሁትም። ቅናት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅሁ ቀንቻለሁ።

ሉማሜ፣ 2 ሰዓት

ሻይ በዳቦ። ሾፌራችን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጉዳዬን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት።

«ልጅዎ ሰረቀ እንዴ አባቴ?»

«ኧረ አልሰረቀም።»

«ሰክሮ ተደባደበ?»

«ለቅምሻ ካልሆነ አይጠጣም ይሉታል።»

«ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው የሚመለሰው?»

«ሻይህ ይቀዘቅዝብሃል፣ ጠጣ» አልሁት። ከዚያ እስከ ማርቆስ የጤፉን ማሳ እያየሁ መልስ ፈለግሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ 4 ሰዓት

ሆቴሉ ገና ደንበኛ አልገባበትም፤ የሚለማመዱበት ሰዓት ነው። ጋሽ ታምራት ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«የይበልጣል አባት! ስለ ጠጅዎ ስንቴ አውርቶልኛል!»

ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ ነበር።

«አባባ፣ ማርቲኒ ልሥራልዎ» አለ ልጄ። በጠዋት መጠጥ ነውር ነው፤ ዛሬ ግን የመጣሁት ለዚሁ ነው። ጂኑን አሸተትሁት፤ አዲስ የተፈለጠ ጥድ ይሸታል። ቬርሙት የሚሉት ደግሞ እንደ አሪቲ ያለ መራራ ቅጠልና ቅመም የተዘፈዘፈበት ወይን ነው። እኛ ለጠጅ ጌሾ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ጂኑን በዛ፣ ቬርሙቱን አነስ አድርጎ በረዶ ላይ አፈሰሰ። አልናጠውም፤ በረጅም ማንኪያ በዝግታ አማሰለው፣ በረዶው ሲጋጭ እንኳ አልተሰማም። ከዚያ በማንኪያ ቀንሶ ለጋሽ ታምራት ሰጣቸው። ቀምሰው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥልሎ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ቀዳልኝ፤ የሎሚ ልጣጭ ቆንጠጥ አድርጎ ጠረኑን ከላይ ረጨበት።

አልነካሁትም። በአገራችን መጠጥ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል።

«አባባ፣ እየሞቀ እኮ ነው።»

«ማን ቀመሰው?»

«ጋሼ ቀምሰውታል።»

«የቀዱልኝ እሳቸው ናቸው?»

ልጄ ፊቱ ጠቆረ። ጋሽ ታምራት ግን ሳቅ አሉና «አባትህ እውነታቸውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አታስቀምስ፤ በራስህ ምላስ እመን» አሉት።

ይበልጣል ሌላ ሠራ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ግንባሩን ቋጠረና ሁሉንም ደፋው። «ውሃ በዝቶበታል» አለ። ማንም ሳይነግረው እንደገና ጀመረ። ቀመሰ፤ አሁን ሰጠኝ። ይቀዘቅዛል፣ ይመራል፣ ንጹሕ ነው።

«ጥሩ ነው» አልሁት። በሃያ አራት ዓመቱ ይህን ቃል ከእኔ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ስንቱን አበላሸብዎ?» አልሁ ወደ ጋሽ ታምራት ዞሬ።

«ኧረ ተዉኝ! ካላበላሸ በምን ይማራል?»

አንባቢዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። ይህ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጠጁ ሳይደርስ ጋኑን ከፍቶ ሲያበላሸው አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ጓዳዬን እንዳይረግጥ ከለከልሁት። ሥርዓት ያስተማርሁት መስሎኝ ነበር። ራሴ ስንት ጋን አበላሽቼ እንደተማርሁ ዘንግቼ፣ ለእሱ አንድ ነፈግሁት። ሌላ ሰው ሰጠው። የቀናሁትም በዚህ ነው።

መናኸሪያ፣ 7 ሰዓት

ይበልጣል ሊሸኘኝ መጣ።

«ሊወስዱኝ ነበር የመጡት፣ አይደል አባባ?»

«ማን ነገረህ?»

«ፊትዎ ነዋ!»

«ሥራህን ሥራ» አልሁት። «ለፋሲካ ግን ና። የበዓሉን ጠጅ አንተ ትጥላለህ።»

«ቢበላሽስ?»

«ይበላሻ።»

«ጋሼንም ላምጣቸው?» አለኝ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው።

«ይምጡ» አልሁ። «ግን ከእኔ በኋላ ነው የሚቀምሱት።»

ልጄ እስኪታጠፍ ድረስ ሳቀ። ያን ሳቅ ከጋሽ ታምራት የተማረው ይሆን እያልሁ እስከ ሉማሜ ተጨነቅሁ። ደጀን ገብቼ ባለቤቴ ስትስቅ ሳያት ነው ያረፍሁት። ሳቁ የእሷ ነው።