ባለ አንድ ክንፉ ፈረስና ሠላሳው መርፌ

ዛሬ ጠዋት ገንዳ ውሃ ከተማ ያለውን ቤታችንን ወለል በበረኪና ሳጥብ፣ ልጄ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ስልኳ ላይ ታነብ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ወር ሊሞላው ነው፤ መንገዱ ሰላም ስላልሆነ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ልልካት አልደፈርኩም። እሷ ግን ብዙም የከፋት አትመስልም፤ ዘንዶ የሚጋልቡ ልጃገረዶችንና ሌሊት ሌሊት ቦታቸውን የሚቀይሩ ከተሞችን ስታነብ ትውላለች። "እማዬ፣ ዛሬ ልጨርሰው ነው" ስትለኝና የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ አንድ ሆነብኝና እጄ መወልወያው ላይ ቀረ። "አትቸኩይ" አልኳት። ሳይታወቀኝ ተቆጥቼ ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ አንድ ወር ሙሉ ከማንበብ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ያነበብኩት ግን በየጠዋቱ በበረኪና በሚታጠብ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አባቴ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ ያርስ ነበር፤ በበጋ ያ ጥቁር መሬት እጅ እስኪያስገባ ሲሰነጠቅ ከስንጥቁ የምትወጣ፣ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ አለች፤ እሷ ነክሳኝ ኖሮ ክረምቱን በሙሉ ትኩሳት ሲጥለኝ ሲያነሳኝ ከረመ። ወባ ነው እየተባለ ስንት ኪኒን ከዋጥኩ በኋላ፣ ጣፊያዬ አብጦ ሆዴ ሲነፋና እግሬ ሲሰልል ካላዛር መሆኑ ታወቀ። መድኃኒቱ በቀን አንድ መርፌ ነው፤ ሠላሳ ቀን፣ አንድም ሳይጎድል። እናቴ ሌማቷንና ነጠላዋን ይዛ ከአልጋዬ ሥር ሰፈረች፣ የመስከረምም ወር እንዲህ ተጀመረ።

መጻሕፍቱን ያመጡልኝ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ፋንታዬ ናቸው። ልጃቸው ጎንደር ለትምህርት ሲሄድ ትቷቸው የሄደ አምስት መጻሕፍት ነበሩ፣ ሁሉም የልጆችና የወጣቶች ልብ ወለድ፣ አንዱ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ። የመጀመሪያውን በሦስት ቀን ጨረስኩት። ሁለተኛው አንድ ተማሪና አንዲት ተማሪ በደብዳቤ የሚዋደዱበት ስለነበር እናቴ እንዳታየኝ ነጠላዋን ተከናንቤ አነበብኩት፤ ማንበብ የማትችለው እናቴ በገጽ ውስጥ ያለውን ፍቅር ታያለች ብዬ መፍራቴ ዛሬ ያስቀኛል። ሦስተኛው በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱ ልጆች ነበር። በመተማ ሙቀት፣ ላቤ ገጹን እያረጠበው፣ በረዶ ምን እንደሚመስል ሳሰላስል መርፌው ገብቶ ይወጣ ነበር። የመርፌው ሕመም እንደ እሳት ነው፤ ቢሆንም ሰው ሌላ አገር ከሄደ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት።

አንዳርጌ የመጣው በሰባተኛው መርፌዬ ቀን ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ዓመቱን እዚሁ የከረመ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትከሻው ሰፊ ሆኖ ሥጋው ግን ያለቀ ሰው። የአባቱ አንድ በሬ ሞቶበት ኖሯል፤ ሌላ በሬ ሳልገዛ አልመለስም ብሎ ነው የወጣው። መርፌ ከተወጋን በኋላ በሽተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ እኔም እዚያ አራተኛውን መጽሐፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ ሳነብ ቀስ እያለ ተጠጋና አጠገባችን ቁጢጥ አለ።

መጽሐፉ ጠንቋይ ወንዛቸውን ሰርቃ በጠርሙስ ስለዘጋችባቸው ሰዎች ነው። አንድ ልጅ ባለ አንድ ክንፍ ፈረስ ይዞ፣ ሰባት በር ያለውን ተራራ አልፎ ወንዙን ሊያስመልስ ይሄዳል። እኔን ያስጨነቀኝ ጠንቋይዋ ናት። አንዳርጌን ያስጨነቀው ደግሞ ሌላ ነው። "እቱ፣ ቆይ እስኪ" አለኝ በመጀመሪያው ቀን፣ "ይኸ ፈረስ ሦስት ቀን ሲሄድ ምን በላ?" መጽሐፉ አይልም አልኩት። "እንዴት አይልም? ገብስ ያልበላ ፈረስ ዳገት አይወጣ!" እናቴ ሆስፒታል ከገባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ የፈረሱን ቀለብ ሳይጠይቅ አይነሳም ነበር።

በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መርፌ ላይ ሰው ይሻለዋል። ምግብ ይጣፍጠዋል፣ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ክፉው ነገርም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ዳንኩ ብሎ የሚሄደው ብዙ ነው። በተለይ በዚያ ወቅት። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ የሠራተኛ መኪኖች በየጠዋቱ ከግቢው በር ላይ ጥሩምባ እየነፉ፣ የሠራተኛ አለቆቹ ካቦዎች ከላይ ቆመው ሰው ይጣሩ ነበር። አንዳርጌ ጥሩምባውን ሲሰማ ተነስቶ እስከ አጥሩ ይሄድና ይመለሳል። ሲስተር ፋንታዬ ይህን ዓይተው አንድ ቀን ወደ ጎን ጠሩኝ።

"ስሚ የኔ ልጅ" አሉኝ፣ "ያ ልጅ የተቀመጠው ለእኔ ምክር ብሎ አይደለም፣ ፈረሱን ብሎ ነው። መርፌውን ያቋረጠ ሰው በሽታው ይመለስበታል፤ ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን ይንቀዋል። በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ከዚያ አትለፊ።" ምዕራፎቹን አብረን ከቀሪ መርፌዎቹ ጋር አስተካከልናቸው። እኔ ከእሱ ስድስት ቀን ቀድሜ ስለምወጣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ምዕራፎች እሳቸው ሊያነቡለት ተስማማን።

ተስማማሁ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ አልተዋጠልኝም። እስከዚያ ድረስ በሕይወቴ ማንም አዋቂ ሰው ከአፌ የሚወጣውን ቃል ጠብቆ አያውቅም። ቤት ውስጥ ስድስተኛ ልጅ ነኝ፤ ውሃ ቅጂ ከመባል በቀር ስሜ አይነሳም። ከኒሙ ሥር ግን አንድ ትልቅ ሰው ምሳውን ትቶ ይጠብቀኛል፤ "የቀረውን ነገ" ስል ራሱን ይዞ ያማርራል። መጨረሻውን አስቀድሜ ብቻዬን አንብቤው ነበርና ምን ያህል ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ያንን ፊት ሲስተር ፋንታዬ ሊያዩት ነው ብዬ ቀናሁ።

የሠላሳኛው መርፌዬ ቀን ሲስተር ፋንታዬ ከሰዓት ተረኛ አልነበሩም። የዕለቱን ምዕራፍ አንብቤ ስጨርስ አንዳርጌ ነገ እንደምንሄድ ያውቅ ነበርና መሬቱን በስንጥር ይጭራል። "እስከ ሠላሳ ድረስ እንደማትሄድ ማልልኝና ሁሉንም አነብልሃለሁ" አልኩት። "ሚካኤልን አልሄድም" አለ። መሐላ ከጠየቅሁ እኔ ንጹሕ የሆንኩ መሰለኝ። እናቴ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፣ ግን የሆስፒታሉ የመጨረሻ ቀናችን ስለነበር ተወችኝ። ፀሐይዋ ከኒሙ እስክትዘቀዝቅ ድረስ ድምፄ እየሻከረ ስድስቱን ምዕራፍ በተከታታይ አነበብኩ። ሰባተኛው በር ተከፈተ፣ ጠርሙሱ ተሰበረ፣ ወንዙ አገሩ ገባ። አንዳርጌ አፉን የሸፈነበትን እጁን አነሳና "ፈረሱስ?" አለ። ገጹን ወደ ኋላ ገልጬ ፈለግሁ፤ የለም። ደራሲው ረስቶታል። "ከብቱን ረስቶ ጉዳዩን ጨረሰ እኮ" ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ወር ውስጥ ከዚያ የበለጠ የተደሰትኩበት ሰዓት አልነበረም።

ጠዋት ጓዛችንን ስንሸክፍ አልጋው ባዶ ነበር፣ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ። ጥሩምባውን በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼው ነበር። ሲስተር ፋንታዬ የመርፌ ሳህናቸውን ይዘው መጡና አልጋውን፣ ቀጥለው መጽሐፉን፣ ቀጥለው እኔን አዩ። "ጨረስሽው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ከእጄ ወስደው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር ላይ ለማሽላ ቆረጣ አባቴ ሁለት ጎጃሜዎች ቀጠረ። ከእናቴ ጋር ምሳ ይዘንላቸው ሄደን በጥላው ሲበሉ አንደኛው ሌላውን "ባለ አንድ ክንፉ ፈረስ ዛሬ ማሽላውን በላ?" ብሎ ሲቀልድ ሰማሁ። የያዝኩትን ጆግ መሬት አስቀመጥኩ። ማነው የነገራችሁ ብል፣ ቀድመው የሠሩበት እርሻ ላይ አንዳርጌ የሚባል ልጅ በምሳ ሰዓት ይተርክላቸው እንደነበር አወሩኝ። በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር የሚነግራቸው፣ "የቀረውን ነገ" እያለ፤ በእሱ ትረካ ደግሞ ፈረሱ በየበሩ ማሽላ ይበላል። "ሰባተኛው በር ላይ ደርሰን ትኩሳቱ ተነሳበት" አለኝ ሰውዬው፣ "የአፍንጫው ደም አልቆም አለ፤ የእርሻው ወኪል በመኪና ጭኖ ላከው፣ ግን ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ነፍስ ይማር።" ቀጥሎ እንጀራውን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ፤ "ተረቱን ታውቂዋለሽ እንዴ አንች? መጨረሻው ምን ሆነ?"

እናቴ አቀርቅራ ወጡን ታወጣለች። "አላውቀውም፣ እኔም እስከዚያው ነው የሰማሁት" አልኩ። ባውቀው እንዴት እንዳወቅሁት ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ሰዎቹም በሉ፣ ማተባቸውን ነክተው አመሰገኑ፣ ወደ ቆረጣቸው ተመለሱ። እኔ ድኛለሁ፤ አድጌ፣ ተምሬ፣ ወልጄ ይኸው አርባ ሊሞላኝ ነው። ያ በሬ ተገዝቶ እንደሆነ፣ አባትየው ማን ነግሯቸው መርዶውን እንደሰሙ አላውቅም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ፤ ግን ደግነት አልነበረም፣ መጨረሻውን ሲሰማ ደስ የሚለውን ፊት ለሌላ ሰው መተው አቅቶኝ ነው። ለአንዳርጌ ስድስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው፤ እሷን በአንድ ከሰዓት አንብቤ ጨረስኩበት።