የታጠበው ፍላሽ

ክሩ አሁንም ጥጥ ጥጥ ይሸታል። የጠፋብኝን ቁልፍ ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር መጀመሪያ እጄ ላይ የመጣው እሱ ነው፤ ቀይና ቢጫ፣ በሸማኔ ልጅ እጅ የተገመደ። ስስበው ጫፉ ላይ የታሰረው ጥቁር ፍላሽ ተከትሎት ወጣ። ክዳኑ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ቁልፉን ረስቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አገር ሁሉ ስለ ሚሊኒየሙ የሚያወራበት ጊዜ ነው። የትምህርት ክፍላችንን የኮምፒውተር ክፍል የምጠብቀውም እኔ ነበርኩ። ያኔ የፍላሽ ቫይረስ ከቆላ ወባ የባሰ ነበር ብልህ አላጋነንኩም። አንዱ ከከተማ ይዞት ይመጣል፣ በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ይተኛል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነበር፤ ያልታጠበ ፍላሽ አይሰካም። በውስጡ ያለውን ፋይል አንድ ለዚሁ በተተወ አሮጌ ማሽን ላይ እገለብጣለሁ፣ ፍላሹን ባዶ አደርገዋለሁ፣ ፋይሉን አጽድቼ እመልሳለሁ። በመጨረሻም የፍላሹን ስም ቀይሬ በላቲን ፊደል «ታጥቧል» ብዬ እጽፍበታለሁ። ሲሰካ ያ ስም ከወጣ ባለቤቱ ይቀመጣል፣ ካልወጣ ይባረራል። ተማሪው ሁሉ «አጣቢዋ» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም፤ ትንሽም ብትሆን ሥልጣን ናት።

የፕሮጀክት ጓደኛዬ ከጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ሸማኔ። ዝምተኛ ነበር፤ ሲያስብ እጁ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ሥራችን የምንጭ ውሃን ለአንድ የደጋ መንደር በቧንቧ ማከፋፈል ነበር፣ በወረቀት ላይ። በየመጋጠሚያው ያለውን ግፊት ለማወቅ በመቶ የሚቆጠሩ እኩልታዎችን ባንድ ጊዜ መፍታት ያስፈልጋል። እኛ የጻፍነው ፕሮግራም ግን ውሃውን ሽቅብ ያስሮጠው ጀመር። አማካሪያችን ውጤቱን አይተው ሳቁ።

«ይኼን የሚፈታ ዝግጁ ፕሮግራም፣ ላይብረሪ የሚሉት፣ አዋቂዎች ሠርተው በነፃ አስቀምጠዋል» አሉን። «ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ሂዱና ከኢንተርኔት አውርዱት። ሰኞ ሥራችሁን ስታቀርቡ፣ ዲፌንሱ ላይ፣ ትክክለኛ ቁጥር ካላየሁ ግን የከርሞ ተማሪዎች ናችሁ።»

የግቢው ኢንተርኔት ከሞተ ሰንብቷል። ጓደኛዬ ሐሙስ ዕለት አዲስ ፍላሽ ይዞ ሲቀላ ኢንተርኔት ቤት ዋለ። መስመሩ የስልክ ነው፤ ስልክ ሲደወል ይቆረጣል፣ የወረደው ሁሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። «አለቀ» አለኝ። «ነገ እንጭነዋለን፣ ቅዳሜ ቤት ደርሼ እመጣለሁ።» አባቱ ታመው ነበር። «ቅዳሜ ልጄን ልየው» ብለው ልከውበት፣ እሱም እመጣለሁ ብሎ መልሷል።

ዓርብ ጠዋት መብራት የለም። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ አማካሪያችንን ፍለጋ ሄደ። እኔም ለጉዳይ ወጣ ብዬ ስመለስ ማሽኖቹ ጮኹ፤ መብራት መጣ። መቼ እንደሚሄድ ግን አይታወቅም። ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ሦስት ጥቁር ፍላሾች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው «ባዶ ናቸው፣ ዝም ብለሽ እጠቢያቸው» ብለውኛል። ሳይሄድብኝ ልጨርስ ብዬ ምንም ሳልገለብጥ፣ ሳላይ፣ እየሰካሁ አጠብኩ። የመጨረሻውን ነቅዬ ክዳኑን ስመልስ ጣቴ የጥርስ ምልክት ነካ።

የጓደኛዬ ፍላሽ ነበር። ማጠብ እንጂ ያጠብኩትን መመለስ አላውቅም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጓደኛዬ መጣ። «ፍላሼን አይተሻል?»

«ጠረጴዛው ላይ ትተኸው ነበር፣ እንካ» አልኩትና በሩ ጋ ሄጄ መዝገብ የማገላብጥ መሰልኩ። ፍላሹን ሰካው፤ ትከሻው ስክሪኑን ከልሎኛል። የማውሱ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ጸጥታ።

«ባዶ ነው» አለ።

«የሲቀላ ቫይረስ በልቶት ይሆናል» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዞሮ ትኩር ብሎ አየኝ። «ይሆናል» አለና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ያን ቀን ሲቀላ መስመር አልነበረም። ቅዳሜን ሙሉ እዚያው ሲያወርድ ዋለ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመው እሱ ነው። ብነግረው ኖሮ እኔ አወርድ፣ እሱ አባቱ ጋ ይሄድ ነበር። ይኼ ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም፤ ታይቶኛል። «አንተ ሂድ፣ እኔ ላውርደው» ማለት እንኳ ፈራሁ፤ ምን አስቆረቆረሽ የሚለኝ መሰለኝ። ሁለቴ ልነግረው ተነስቼ ሁለቴ ከባጃጅ ተራው ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት መጫን ጀመርን። ላይብረሪው ሁለት ክፍል ነበረው፤ የላይኛው እኩልታውን ይፈታል፣ የታችኛው የማባዛቱን ከባድ ሥራ ይሠራለታል። የፋይሎቹ ስም በጥቁሩ ስክሪን ላይ እየተከታተለ ሲያልፍ መብራት እንዳይሄድ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። በመስኮቱ የረገፈ ማንጎ ሽታ ይገባል፣ ከሩቅ የቸርች መዝሙር ይሰማል። ሁለቱም ክፍሎች ያለ ችግር አለቁ። ከእኛ ፕሮግራም ጋር ስናያይዛቸው ግን እምቢ አሉ፤ አንዱ ሌላውን አላገኘሁትም የሚል መልእክት ስክሪኑን ሞላው። ደጋገምነው። እምቢ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እኛ አገር» አለ፣ «ነገር እምቢ ሲል፣ ሰው ሲታመም፣ ጎሜ ነው ይባላል። የተደበቀ ጥፋት አለ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ያጠፋው ሰው ይናገራል፣ ይታረቃል፣ ያልቃል። እስቲ እኔ ልጀምር። ሦስተኛ ዓመት ላይ የፈተና መልስ ካንቺ ኮርጃለሁ።» ሳቀ። «አንቺስ?»

«እኔ ደግሞ ምን አለኝ?» አልኩት።

ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረና ክፍሎቹን የምናያይዝበትን ትእዛዝ ቃል በቃል አነበበ። ለካ የታችኛውን ክፍል ከላይኛው አስቀድመን ጽፈነዋል። «የሚጠይቀው ይቅደም፣ የሚመልሰው ይከተል» ብሎ አቀያየራቸው። ፕሮግራሙ ሠራ። ውሃው በየቧንቧው ቁልቁል ወረደ። ጮኼ አቀፍኩት።

ለምሳ ስንወጣ አጎቱ የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። በጋሞኛ አንድ ነገር ነገሩት። ጓደኛዬ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለ። አጎቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባቱ ትናንት ማታ አለፈ» አሉኝ። «ቀን ሙሉ በር ያያል። ልጄ መጣ? ይላል። መጣ? ይላል።»

ሰኞ ብቻዬን ቆሜ በሁለታችን ስም አቀረብኩ፤ አለፍን። ለለቅሶው ኦቾሎ ስወጣ ልነግረው ነበር፤ ሰው በዛብኝ፣ ወይም ለራሴ እንደዚያ አልኩ። በምረቃው ቀን ይህን ፍላሽ ሰጠኝ፤ በአባቱ ሸማ መሥሪያ ላይ የተረፈውን ክር ገምዶ አስሮበታል። «አንቺ ጋ ይሁን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰክቼው አላውቅም። እፈራው ነበር።

ዛሬ ሰካሁት። ብልጭ አለና ስሙ ስክሪኔ ላይ ወጣ፤ «ታጥቧል»።

ያን ዓርብ እጄ እንደ ልማዱ ጽፎት ኖሯል። ፍላሹ አዲስ ነበር፤ ከዚያ በፊት እኔ ዘንድ ታጥቦ አያውቅም፤ ይህን ስም የሚጽፍ ደግሞ ከእኔ በቀር በግቢው አልነበረም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ መዝገብ ሳገላብጥ እሱ ያነበበው ይህን ነው። ዞሮ ሲያየኝ ያውቅ ነበር። «አንቺስ?» ሲለኝ ያውቅ ነበር። አፈርኩ፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አሁን ካምባ ወረዳ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ለበዓል እንደዋወላለን። ዛሬ በዓል አይደለም፣ ደወልኩ።

«አቤት አጣቢዋ!» አለኝ፣ እንደ ድሮው።

«ፍላሽህን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩት። እንዴት ዋልክ እንኳ አላልኩም።

ከኋላው የገበያ ሰው ይንጫጫል።

«ምነው ቆየሽ» አለኝ።